«ጤና ጣቢያ ለ»ን ፍለጋ፦ ከድሬዳዋ እስከ እንጦጦ ስድስት ቀን

ድሬዳዋ ከተመለስኩ ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ካርድ ክፍል አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ «አዲስ አበባ እንዴት ነበር?» ይሉኛል። መልሴን ስጀምር መስኮቱ ላይ ያለው ሰልፍ ይንጫጫና ወሬው ይቋረጣል። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩት።

ለማያውቀኝ አንባቢ፦ ስሜ እንዳለ ነው። የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሕመምተኛ ሲመጣ ካርዱን ከመደርደሪያ የማወጣ፣ ተራው ሲደርስ ስሙን የምጠራ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ላይ አንድ ጥናት ተጀመረ። ታካሚ ከሕክምና አገልግሎት ምን እንደሚመርጥ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጠይቁበት ጥናት ነው። ነዋሪው ቅሬታውን ሳይፈራ እንዲናገር ጠያቂዎቹ ከሌላ ከተማ ይምጡ ተባለ። አለቃችን እኔን መረጡ። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው «አንተ ከሕዝብ ጋር መጨቃጨቅ ለምደሃል» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ከድሬዳዋ የተነሣው ጎህ ሲቀድ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ እኔ ግን የለበስኩት እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው። ሹራብማ ይዣለሁ፤ ያለው ግን ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ ሻንጣው ደግሞ አውቶቡሱ ጣራ ላይ፣ ከሦስት ኩንታል ሽንኩርት ሥር። አዋሽ ምሳ ስንበላ ሁሉም ያልበዋል፤ «ማን ነው ሹራብ የሚፈልገው?» እያልኩ በልቤ ስቄያለሁ። ናዝሬትን አለፍን። ያኔ ተሳፋሪው ሁሉ፣ አንድ ሰው ያዘዘው ይመስል፣ ጃኬት ከየጉያው ማውጣት ጀመረ። እኔ ብቻ ቀረሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አዩኝና የፎጣቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። አዲስ አበባ የገባሁት በማላውቃቸው ሴት ፎጣ ተሸፍኜ ነው።

ያረፍኩት ወሰን የሚባል ሰፈር፣ ጋሽ መርጊያ ቤት ነው። ጋሽ መርጊያ ጋራዥ አላቸው። ድሮ ድሬዳዋ ሲሠሩ ከእናቴ ጋር ጎረቤት ነበሩ። እሳቸውና ባለቤታቸው እህት አስቴር ጴንጤ ናቸው፤ ጸሎት ይወዳሉ። ማዕዱ ቀረበ፤ ዶሮ ወጥ። ጋሽ መርጊያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ስለ አውቶቡሱ ሹፌር አመሰገኑ። ስለ አራቱም ጎማ አመሰገኑ። ከዚያ ስለ ዶሮዋ ጀመሩ፤ ለእንግዳው ተብላ ከሰንዳፋ ድረስ እንደመጣች በዝርዝር ለእግዚአብሔር አስረዱ።

ችግሩ እኔ ጾም ላይ ነኝ። የገና ጾም ነው። ይኼ ሁሉ ከተጸለየ በኋላ «አልበላም» እንዴት ይባላል? አሜን ሲባል እጄን ታጥቤ ጭልፋውን አያለሁ።

እህት አስቴር ፊቴን አይታ ገባት። «ውይ! ኦርቶዶክስ ነህ ለካ! ጾም ነው ለካ!» ብላ ሳህኑን ከፊቴ አነሣች። ደቂቃ ሳይቆይ የምስር ወጥ ሽታ ከጓዳ መጣ። እኔ አፈርኩ። ጋሽ መርጊያ ግን አንድ ጭን እያነሡ «አይዞህ፣ ጸሎቱ አይባክንም» አሉኝ።

ድሬዳዋ በታኅሣሥም መስኮት ከፍቶ ይተኛል። ወሰን ላይ እህት አስቴር አራት ብርድ ልብስ ደራረበችብኝ። ጠዋት ለመነሣት የሰው እርዳታ ያስፈልገኝ ነበር።

ሁለተኛው ቀን

ይህ ቀን የሥልጠና ነበር። የካ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። አስተባባሪያችን ሰናይት ትባላለች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም አልቆየችም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ በየመሀሉ እንግሊዝኛ ጣል ጣል ያደርጋል። እኛ ጋ እንደዚያ የሚናገር ሰው ሲገኝ ጉሮሮውን ያመመው ይመስለናል።

ሥራው ይህ ነው። ለተጠያቂው በሥዕል የተሠሩ ካርዶች ይታዩታል። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ሁለት ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ አንዱ «ሀ» ሌላው «ለ» ይባላሉ። ሁለቱም በዓለም ላይ የሉም። ለምሳሌ «ሀ» ቅርብ ነው፤ ግን ብዙ ያስጠብቃል፤ ሠራተኛውም ቁጡ ነው። «ለ» ሩቅ ነው፤ ግን ወረፋ የለውም፣ መድኃኒት ሞልቷል፣ ሠራተኛው ያከብራል። በሚቀጥለው ካርድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይቀያየራል። ሰውየው አንዱን ይመርጣል። በዚህ ዓይነት ታካሚ ለመከበር ሲል ምን ያህል መንገድ በእግሩ እንደሚሄድ ይታወቃል ማለት ነው።

«ሁለት ነገር ፕሊዝ» አለች ሰናይት። «አንደኛ፣ መልስ እንዳትመሩ። ሁለተኛ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው አይቀየርም። ቢታመም፣ ቢያኮርፍ፣ ያው እሱ ነው። ሪፕሌስመንት የለም፤ ኦኬ?»

ኦኬ አልን።

ሦስተኛው ቀን

ቀበና ላይ ሥራ ጀመርን። ቀበና ወንዝ አለው፤ ውሃ ያለው ወንዝ። የእኛ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ኳስ ይጫወቱበታል። ድልድዩ ላይ ቆሜ ውሃ ሳይ ሰናይት ጎትታ ወሰደችኝ።

የመጀመሪያው ተጠያቂዬ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። «አባቴ፣ የመጣሁት ስለ ታካሚ ምርጫ ልጠይቅዎ ነው» አልኳቸው።

«ምርጫ» የምትለውን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። «ካርድ ወስጃለሁ!» አሉ። ጓዳ ገብተው የመራጭነት ካርዳቸውን ይዘው መጡ። «የመጀመሪያ ቀን ነው የወሰድኩት። ልጄም ወስዷል። ሁላችንም ወስደናል።»

እንደዚያ ዓይነት ምርጫ አለመሆኑን አስረዳሁ። ካርዱን ኪሳቸው ከተቱ፤ ግን አላመኑኝም። «ሀ» እና «ለ»ን ካሳየኋቸው በኋላ ጠጋ ብለው «ለመሆኑ የ‹ለ› ምልክቱ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ሁለተኛዋ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ወይዘሮ ናቸው። ካርዱን በደንብ አዩት።

«‹ለ› የአንድ ሰዓት መንገድ ነው አልክ?»

«አዎ።»

«ግማሽ አድርገው።»

«እትዬ፣ መቀነስ አልችልም።»

«እሺ መንገዱ ይሁን፤ ከወረፋው ላይ ትንሽ ቀንስልኝ። ደንበኛህ እሆናለሁ።»

«ወረፋውን እኔ አይደለሁም የወሰንኩት!»

«የመጨረሻውን ንገረኝ» አሉና ክንዳቸውን አጣጥፈው ጠበቁኝ። ሁለታችንም ላብ በላብ ሆንን። እንዲያ ባለ ብርድ ያላበኝ እሳቸው ጋ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ካርዶቹ ሲያልቁ የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ከሁሉ በላይ የሚያስመርርዎ ምንድን ነው?» ጡረተኛው «ካርድ ክፍል» አሉ። ነጋዴዋ «ካርድ አውጪው» አሉ። ቀጥሎ ያገኘኋት ተማሪ «ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ፤ ጥርሷን እየፋቀች ነው ‹ቆይ› የምትልህ» አለችኝ። እኔም ሥራዬ ላይ ጥርስ እፍቃለሁ። ማንም የእኔን ሙያ አልጠየቀም፤ እኔም አልተናገርኩም።

አራተኛው ቀን

እንጦጦ ወጣን። ሚኒባሱ አስፋልቱ ያለቀበት አወረደን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ድሬዳዋ ሜዳ ናት፤ እኔ ዳገት የማውቀው ደረጃ ላይ ብቻ ነው። በየሃያ እርምጃው ባሕር ዛፍ እያቀፍኩ ስቆም ሰናይት «እየተሳለምክ ነው?» ትለኛለች።

ዕጣው የወጣው ለአቶ ሽፈራው ነው። ድንችና ገብስ የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ተቀበሉን። «እሱ አይሰማም» አሉን ገና ሰላም ስንል። «ግራው ድሮም አይሰማ፤ ቀኙም ከተደፈነ ሁለት ዓመቱ።»

ሰናይትን አየኋት። «ሪፕሌስመንት የለም» አለችኝና ሌላ ቤት ሄደች።

ጀመርኩ። «አባቴ! ጤና ጣቢያ! ሀ!»

«ሃ?» አሉ።

«አዎ! ሀ!»

«ሃ?»

እንዲህ ስንባባል ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔ ጥያቄውን ስጮህ ከአጥር ማዶ ያለው ሁሉ ይመልሳል። አንዱ «‹ሀ› ይሻላል!» ይላል፤ አንዷ «አንተ እግር አለህና ነው እንጂ!» ትለዋለች። ሁለት ጎረቤታሞች መድኃኒት ይበልጣል፣ አክብሮት ይበልጣል ተባብለው ሊኳረፉ ደረሱ።

በሥዕሉ እየታገዝኩ ግን ከአቶ ሽፈራው ጋር ተግባባን። «ለ»ን በጣታቸው እየነኩ ይጠይቁኛል።

«እዚህ ሐኪሙ ሰው ያከብራል?»

«ያከብራል!»

«አያስጠብቅም?»

«አያስጠብቅም!»

ፊታቸው በራ። ነገሩ አስፈራኝ፤ ስለዚህ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ግን እንዲህ ያለ ጤና ጣቢያ የለም!» ብዬ ጮህኩ።

«አለ?» አሉ።

«የለም!»

«አለ! ተመስገን!» ብለው ወደ ሰማይ አዩ።

ወይዘሮ አስካለ በዚህ መሀል ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። እንደዚያ ያለ ድንች በልቼ አላውቅም፤ እጅ ላይ ይፈርሳል። እየበላሁ አቶ ሽፈራው ለምን እንዳልታከሙ ጠየቅኋቸው።

«ሄዶ ነበር እኮ» አሉ። «ያኔ እኔ አሞኝ ብቻውን ወረደ። ካርድ አወጣ፤ ተቀመጠ። ካርድ ክፍል ያለው ሰው ስሙን ሁለቴ ጠራና ሰው ሲጠፋ ካርዱን ወደ ጎን አደረገው። ለካ ይኼ አይሰማ። እዚያው አጠገቡ ቆሞ እስከሚዘጋ ድረስ ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ አልሄድም አለ።»

ድንቹን ወደ ሳህኑ መለስኩት። ስም ሁለቴ መጥራት፣ ከዚያ ካርዱን ወደ ጎን ማድረግ። እኔም የምሠራው እንዲሁ ነው። ስንቱ አጠገቤ ቆሞ ይሆን?

ጭጋግ መጣ። ሦስት ካርድ ሲቀረን ሥዕሉ አልታይ አለ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ወረድኩ።

አምስተኛው ቀን

ከሰናይት ጋር ስመለስ ወይዘሮ አስካለ ብቻቸውን መንገድ ላይ ቆመው ነበር።

«የት ሰደድከው?» አሉኝ።

አቶ ሽፈራው በማለዳ ኮታቸውን ለብሰው፣ «ያቺ የምታከብረዋ ጋ መሄዴ ነው» ብለው ወጥተዋል። የሌለ ጤና ጣቢያ ፍለጋ፣ መኪና በሞላበት ከተማ፣ ጡሩምባ የማይሰማ ሰው። ሰናይት እንኳ እንግሊዝኛው ጠፋባት። «አምላኬ! አምላኬ!» ትላለች።

ሦስታችን እየሮጥን ወረድን። ደግነቱ ሰውየው የማይሰሙትን ያህል ይጮሃሉ፤ ያለፉበት ሁሉ ያስታውሳቸዋል። አንድ ባለሱቅ «አዎ፣ ‹ለ› የት ነው ያሉኝ አባት! ‹ሀ›ን ሳያልፉ እንዴት ይገኛል አልኳቸው» አለን። ከታች ያለ ትምህርት ቤት ዘበኛ ደግሞ ፊደል መቁጠር የፈለጉ መስሎት ለጎልማሶች ትምህርት ሊያስመዘግባቸው ሞክሯል። «እኔስ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ!» አለ። እሳቸው ግን ትተውት ሄደዋል።

እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ዞርን። ወይዘሮ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ብቻ ይራመዳሉ። እኔ ከተገኙ ጆሯቸውን ራሴ አሳክማለሁ ብዬ ተሳልኩ።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማን። «እግዜር ይስጥልኝ!» የሚል፣ ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ። ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግቢ ነው የመጣው።

ገባን። ቀበሌው መስኮቶች አሉት፤ በላያቸው ላይ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። «ለ» መታወቂያ የሚታደስበት ነው። አቶ ሽፈራው ከ«ለ» መስኮት ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ላይ የሻይ ብርጭቆ አለ። ሰልፈኛው አዝኖላቸው ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ጸሐፊዋ ሻይ አስመጥታላቸዋለች።

«መጣህ!» አሉኝ። «እውነትህን ነው፤ ያከብራሉ! ያስቀምጣሉ! ሻይ ይሰጣሉ!» ከዚያ ትንሽ ቅር አላቸው። «ብቻ ለጆሮ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አምጣ አሉኝ።»

ወይዘሮ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ትከሻቸውን መቱና አለቀሱ፤ መልሰው ደግሞ ሳቁ። ላሟ ሳትታለብ ስለምትውል መመለስ ነበረባቸው። ሲሄዱ ጣታቸውን ቀስረው «ሳይታከም እንዳታመጣው» አሉኝ።

የካርድ ሰዓቱ ስላለፈ ጤና ጣቢያውን ለነገ አድርገን ከአቶ ሽፈራው ጋር ወሰን ገባን። ጋሽ መርጊያ እንግዳ ይዤ ስመጣ ሁለት ጊዜ አላስደገሙኝም፤ እህት አስቴርም ሳይነገራት ሽሮ በዘይት ሠርታለች። እራት ቀረበ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን፤ ጋሽ መርጊያም እንደ ልማዳቸው ጸሎቱን ረዘም አድርገው ያዙት። አቶ ሽፈራው ግራ ቀኝ አዩ። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፤ የሚናገር አይታያቸውም። ደረታቸውን በሐዘን እየነኩ፣ ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ «ማን ሞተ?» አሉ።

ጋሽ መርጊያ መጀመሪያ ጸሎቱን ለመቀጠል ታገሉ። ከዚያ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ቤት ታሪክ አጭሩ ጸሎት የዚያ ዕለቱ ነው።

ስድስተኛው ቀን

ወደ ጤና ጣቢያ፣ እውነተኛው ጋ፣ በሚኒባስ ሄድን። አቶ ሽፈራው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ያስተውሉኛል።

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

እሳቸውን መዋሸት አልሆነልኝም። በቀስታም አልነገርኳቸው፤ አይሰሙማ። «ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው!»

«የት?»

«ካርድ ክፍል!»

«የት ክፍል?»

«ካርድ! ካርድ ክፍል!»

ፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ዞሩ። አንዲት ሴት «እንደ እናንተ ያለ ነው የእኔን ካርድ ሦስት ጊዜ የጣለው!» አሉ። ኋላ ያለ ሰው «‹ነገ ና› የምትሉት ለምንድን ነው?» አለኝ። ረዳቱ በሩን ይዞ «ይውረድ እንዴ?» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ለማላውቃቸው ሰዎች፣ ባልጣልኩት ካርድ፣ ሁሉንም እየዞርኩ ይቅርታ ጠየቅሁ። አቶ ሽፈራው ምን እንደተባለ አልሰሙም፤ ግን ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር በመጫወቱ ደስ ብሏቸዋል።

ጤና ጣቢያው የእኛን ይመስላል፤ ወረፋውም የእኛን ያህል ነው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ፈልጋ «ሽፈራው የሚባል ካርድ የለም» አለች።

«በአባት ስም ፈልጊው» አልኳት።

አየችኝ። ፈለገችና አገኘችው። «እንዴት አወቅህ?»

«እኔም የማስቀምጠው እዚያ ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ከመስኮቱ ወዲህም ወዲያም መሆን ለካ እንዲህ ነው።

ከዚያ ጠበቅን። በሩ ተከፈተና አንድ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ «ሽፈራው» አለ። ወዲያው ደገመ። ካርዱ ወደ ጎን ሳይሄድ እንደ ወታደር «አቤት!» ብዬ ዘልዬ ቆምኩ። ኮሪደሩ ሁሉ ደነገጠ።

ነርሱ ቀኝ ጆሯቸውን በባትሪ አየና «ኩክ ነው» አለ። ለብ ያለ ውሃ በመርፌ ቱቦ ረጨ። ደጋገመ። ከዚያ መቆንጠጫ አነሣ፤ ከጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ሳበ፤ ከጥጡ ውስጥ የጠቆረ ነገር ወደቀ። አሸተተው።

«ነጭ ሽንኩርት ነው» አለ።

አቶ ሽፈራው አልሰሙትም አልልም። ሰምተውት ነው የዘለሉት። «ማን ነው የተናገረው?» አሉ፤ የገዛ ድምፃቸው አስደንግጧቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቀጥለው በሹክሹክታ «ይኼ ሁሉ ጫጫታ የማን ነው?» አሉ። ጫጫታው ውጭ የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧና የነርሱ ነጠላ ጫማ ነበር።

«ሽንኩርቱን ማን ከተተው?» አለ ነርሱ።

አሰቡ። «አስካለ ናት። ጆሮዬን ውጋት ይዞኝ። ‹ነገ አወጣዋለሁ› ብላኝ ነበር።»

ግቢው ውስጥ ተቀምጠን የቀሩትን ሦስት ካርዶች ጨረስን፤ በተራ ድምፅ፣ እንደ ሰው። «ለ» ሁለት ሰዓት በእግር ቢሆንስ? «እሄዳለሁ» አሉ። መድኃኒቱ አንዳንዴ ቢጠፋስ? ትንሽ አሰቡና «ስሜን ሦስተኛ ጊዜ ከጠሩልኝ እሄዳለሁ» አሉ። ለሦስተኛው ጥሪ በቅጹ ላይ ሳጥን የለም። ጠርዙ ላይ ጻፍኩት።

ዳገቱን ሰናይትም ተጨምራ ወጣነው። አቶ ሽፈራው በየመንገዱ ይቆማሉ፤ ቅጠል ያዳምጣሉ፤ እኔም በሰበቡ አርፋለሁ። ቤታቸው ስንደርስ ወይዘሮ አስካለ ደጃፍ ላይ ድንች ሲመርጡ አገኘናቸው። ባላቸውን አዩ፤ እኛን አዩ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ባላቸው አይሰሙም ብለው፣ የሚሉትን ሁሉ ፊታቸው ላይ ማለት ለምደዋል፤ ድምፃቸውን ሳይደብቁ ለሰናይት «ይኼ ግትር ሽማግሌ ደግሞ ኮቱን አቆሽሾ መጣ፤ በቅሎ!» አሏት።

«በቅሎስ አይደለሁም» አሉ አቶ ሽፈራው በለሆሳስ።

ድንቹ ከእጃቸው ወደቀ። ሁለት ዓመት ያሉትን ሁሉ እያስታወሱ እንደሆነ ከፊታቸው ይነበባል። ሰናይት የሽንኩርቱን ነገር ስትነግራቸው ጭራሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። «አውጥቼዋለሁ ብዬ እኮ ነው» አሉ ከነጠላው ሥር። ከዚያ ተነሥተው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ በጣም በዝግታ፣ እኔ ራሴ በጭንቅ በሰማሁት ድምፅ «እንኳን ደህና ገባህ፣ ሽፌ» አሉ።

«ምን አልሽ?» አሉ አቶ ሽፈራው።

ክው አልን። ሰናይት ክንዴን ጨመቀችኝ፤ ጆሮው ተመልሶ ተደፈነ ብለን ነው። ወይዘሮ አስካለ ለመጮህ ትንፋሽ ሳቡ።

«ተይ፣ አትጩሂ» አሉ ሽማግሌው። «ሰምቼዋለሁ። ድገሚልኝ ብዬ ነው።»